የዛፉ ሥር ማን ነው? የስፓኒንግ ትሪ ታሪክና የተቀላቀሉ ስዊቾች



ዛሬ የማቀርበው ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። በየሕንፃው ጥግ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠሩ ስዊቾች ታሪክ ነው። የታሪክ ሰው ስለ ስዊች ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ የአንድ ተቋም ኔትወርክ የግዥው ማኅደር ነው። በየትኛው ዘመን ምን እንደተገዛ፣ የትኛው ሕንፃ ከየትኛው በኋላ እንደተሠራ በውስጡ ይነበባል። ይህ ማኅደር ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚቀር አይደለም፤ ዛሬም መረጃ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይወስናል።

አስቀድሜ ችግሩን ላስረዳ። ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብል ማገናኘት ብልህነት ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይተካዋል። ነገር ግን ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ኬብል ሄዶ በሌላው ይመለሳል። የኢተርኔት መልእክት የዕድሜ ገደብ ስለሌለው እየዞረና እየተባዛ በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩን ያጨናንቀዋል። ከጮቄ ተራራ የሚፈልቁት ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ እንጂ ወደ ምንጫቸው አይመለሱም፤ ቁልቁለቱ ሥርዓት ሆኖላቸዋል። ኔትወርክ ግን በተፈጥሮው ቁልቁለት የለውም፤ ሰው ሊያበጅለት ይገባል።

ይህን ቁልቁለት ያበጀችው ራዲያ ፐርልማን ናት። በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የስፓኒንግ ትሪን ስልት አሳተመች። ስልቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ስዊች መለያ ቁጥሩን ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው የዛፉ ሥር ይሆናል። የቀሩት ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አነስተኛ ወጪ ያለውን መንገድ ይይዛሉ፤ ትርፍ የሆነውን ይዘጋሉ። የተዘጋው መንገድ አይጣልም፤ ለክፉ ቀን ይጠበቃል።

የመቀላቀል ችግር ከስልቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990 802.1ዲ ብሎ ያወጣው ደረጃና የዲጂታል የራሱ ቅጂ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ መንገድ ሲበጠስ አዲስ ዛፍ ለመትከል ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣን ቅጂ ይህን ጊዜ እጅግ አሳጠረው። ሆኖም አዲሱ ስዊች አሮጌ ጎረቤት ሲያጋጥመው በዚያ በር በኩል በቀድሞው ቋንቋ ይናገራል፤ በዚያም በኩል ፍጥነቱ ይቀራል።

ልዩነቱ የዘመን ብቻ ሳይሆን የአምራችም ነው። ሲስኮ በተለመደው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ቪላን የየራሱን ዛፍ ይተክላል። የሁዋዌ ስዊቾች በአብዛኛው ቪላኖችን በቡድን የሚያደራጀውን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀውን ደረጃ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚነጋገሩት በመጀመሪያው ቪላን ዛፍ ብቻ ነው። የሌሎቹን ቪላኖች መልእክት ሁዋዌው ሳይረዳው እንደ ተራ ደብዳቤ ያሳልፈዋል። ከወዲያና ከወዲህ ያሉ የሲስኮ ስዊቾች በእርሱ ላይ ተሻግረው ይመካከራሉ፤ እርሱ ግን ከምክሩ ውጭ ነው።

የመንገድ ወጪ መለኪያውም ይለያያል። በቀድሞው መለኪያ የ1 ጊጋቢት መስመር ወጪ 4፣ የ10 ሜጋቢት ደግሞ 100 ነው። በአዲሱ መለኪያ ያው የ1 ጊጋቢት መስመር 20,000 ይሆናል። አንዱ ስዊች በቀድሞው ሌላው በአዲሱ ቢቆጥሩ፣ መቶ እጥፍ የሚዘገየው መስመር ርካሽ መስሎ ይመረጣል። አንዱ በጋሻ ሌላው በሄክታር የለኩትን መሬት ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንደማወዳደር ነው።

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል? የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የዚያ ትውልድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያደጉት ሕንፃ በሕንፃ፣ በጀት በበጀት ነው። የመንግሥት ግዥ በውድድር ስለሚካሄድ የዛሬው አሸናፊ የትናንቱ ላይሆን ይችላል። በአገር ደረጃም ቢሆን የቴሌኮም ማስፋፊያው እ.ኤ.አ. በ2006 ለዜድቲኢ ተሰጥቶ፣ በ2013 ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፍሏል። እንዲህ ያለ ዕድገት የተቀላቀለ መሣሪያ ይወልዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። ማንም ካልቀየረው የሁሉም ስዊች የቅድሚያ ቁጥር 32768 ነው። ሁሉም እኩል ሲሆኑ የሚለያቸው ከፋብሪካ የወጡበት አድራሻ ነው፤ በአንድ አምራች ዕቃዎች መካከል ደግሞ ዝቅተኛው አድራሻ ብዙ ጊዜ የአሮጌው ነው። በጎጃም የርስት ሥርዓት ባለርስቱ ትውልዱን ወደ አቅኚው አባት ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ይከራከር ነበር። ስዊቾች ግን ያለ ክርክር ለበኩሩ ይሰግዳሉ። የግቢው መረጃ ሁሉ በአንድ ሩቅ ሕንፃ ባለ ደካማ ስዊች በኩል ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሕንፃ መብራት ሲሄድ ዛፉ ይፈርሳል፤ መብራቱ ሲመጣ አሮጌው ሥርነቱን ስለሚያስመልስ እንደገና ይናወጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል። ተፈታኙ በሚመልስበት ሰዓት 50 ሴኮንድ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። የከፋውንም አይተናል፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በቦስተን የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርክ በዚሁ ምክንያት ተናግቶ ሐኪሞች ለቀናት ወደ ወረቀት ተመልሰዋል። በየጊዜው እየተቀጠለ ያደገው ኔትወርክ፣ ደረጃው ከሚመክረው የሰባት ስዊች ርዝመት አልፎ ነበር።

መፍትሔው አዲስ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም። ሥር የሚሆነው ስዊችና ተተኪው በሰው ውሳኔ ይሰየሙ፤ ዝቅተኛ የቅድሚያ ቁጥርም ይሰጣቸው። ሁሉም አምራቾች የሚያውቁት አንድ ደረጃና አንድ የወጪ መለኪያ ይመረጥ። የቡድኑ ስም፣ የእትም ቁጥሩና የቪላን ድልድሉ በሁሉም ስዊቾች አንድ ይሁን፤ በአንድ ፊደል ቢለያዩ እንኳ ባዕድ ለባዕድ ይተያያሉና። ከሁሉም በላይ ውሳኔው ይጻፍ፤ ባለሙያ ሲቀየር ከቁልፉ ጋር ሰነዱም ይረከብ።

ዛፉ እኛ ብንመርጥም ባንመርጥም መብቀሉ አይቀርም። እኛ ካልመረጥን ግን ሥሩን የሚመርጥልን የትናንት ግዥ ነው።