ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር እንዴት ይገኛል?

ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ አገራት ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ መሄድ የሚሹ ምሩቃን ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ "ነጻ የትምህርት ዕድል" ከሚሉ ማስታወቂያዎች ነው። ለዶክትሬት ተማሪዎች የሚመደበው ገንዘብ ግን በብዙ አገራት በዚህ ስም አይወጣም። በአንዱ አገር የሥራ ቅጥር፣ በሌላው የማስተማር ረዳትነት፣ በሌላው ደግሞ አንድ ፕሮፌሰር ለምርምር ፕሮጀክቱ ያገኘው በጀት ሆኖ ይመጣል። የት መፈለግ፣ ለማን መጻፍና መቼ ማመልከት እንደሚገባ የሚወስነው ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ነው።

ተማሪው ሠራተኛ የሚሆንባቸው አገራት

በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ግብርም ይከፍላል። በስዊድን ትምህርቱ የአራት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ የዶክትሬት ተማሪ ከየትኛውም አገር ቢመጣ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። በኖርዌይ ቅጥሩ ለሦስት ዓመት ነው፤ የማስተማር ግዴታ ሲታከልበት አራት ይሆናል። በጀርመንም በርካቶች ኢ13 በተባለው የመንግሥት የደመወዝ እርከን ይቀጠራሉ። ቅጥሩ ግን የሙሉ ጊዜው ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ሊሆን ስለሚችል ደመወዙም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

እነዚህ ቦታዎች የሚወጡት በዩኒቨርሲቲዎቹ የክፍት ሥራ ቦታዎች ገጽና ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚወጡ ሲሆን ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋሉ። አመልካቹ የሚመዘነውም እንደ ሥራ ፈላጊ ነው፤ ከውጤቱ ባሻገር የመመረቂያ ጽሑፉና የምርምር ልምዱ ከፕሮጀክቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይታያል።

የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ የዶክትሬት መርሃ ግብር ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። ከመስፈርቶቹ አንዱ አመልካቹ ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወራት በላይ አለመኖሩ ነው። ይህ መስፈርት ከአገሩ ሆኖ በቀጥታ ለሚያመለክት ሰው ይጠቅመዋል።

አሜሪካ፦ ድጋፉ ከቅበላው ጋር ይመጣል

በአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ የኑሮ አበልም ያገኛል። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ለድጋፉ የተለየ ማመልከቻ አያስፈልግም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባትም ይቻላል። የማመልከቻው ማብቂያ በአብዛኛው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሲሆን ትምህርቱ የሚጀምረው በተከታዩ መኸር ነው። የማመልከቻ ክፍያ የከበደው ሰው ክፍያው እንዲነሳለት አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረትም የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም።

ሆኖም በጁን 2025 ሥራ ላይ የዋለው ፕሬዝዳንታዊ አዋጅ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ለኤርትራ፣ ለሶማሊያና ለሱዳን ዜጎች የተማሪ ቪዛን ጭምር ዘግቷል። የእነዚህ አገራት አመልካቾች ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታቸው በፊት ወቅታዊውን ሕግ ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ዜግነት የሚወስነው ዕድል

የብሪታኒያ የኮመንዌልዝ የዶክትሬት ድጋፍ የሚሰጠው ለኅብረቱ አባል አገራት ዜጎች ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሩዋንዳ አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን አይደሉም። በስፋት የሚታወቀው ቺቭኒንግ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ እንጂ ለዶክትሬት አይሰጥም። ከብሪታኒያ በስተቀር ለሁሉም አገራት ዜጎች ክፍት ከሆኑት መካከል የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ጌትስ ኬምብሪጅ ይገኝበታል።

በአህጉሩ ውስጥ የሚገኙ ዕድሎችም አሉ። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በካሜሩንና በአልጄሪያ ባሉት ተቋማቱ ያስተምራል። ዳድ በሚል ስም የሚታወቀው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎትም ከሰሃራ በታች ላሉ አገራት ዜጎች በአገራቸው ወይም በአካባቢው አገራት የሚማሩበትን ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

ለፕሮፌሰር የሚጻፍ ደብዳቤ

ገንዘቡ በፕሮጀክት በኩል በሚመጣበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው በር አማካሪ የሚሆነው ፕሮፌሰር ነው። ለመቶ ሰዎች የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መልስ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። አጭር ሆኖ የፕሮፌሰሩን የቅርብ ጊዜ ሥራ ያነበበ ሰው መጻፉን የሚያሳይ፣ የአመልካቹን የምርምር ጥያቄ በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥና በመጪው ዓመት በጀት ያለው ቦታ እንዳለ በግልጽ የሚጠይቅ ደብዳቤ የተሻለ ነው።

ሰነድን ቀደም ብሎ ማዘጋጀትም ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የወጪ መጋራት ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለማስላክ ሊቸገሩ ይችላሉ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ የተከታተሉ አመልካቾች ደግሞ ይህንን በሚያረጋግጥ የዩኒቨርሲቲያቸው ደብዳቤ ከቋንቋ ፈተና ነጻ የሚሆኑባቸው ተቋማት አሉ። ስለዚህ ለፈተናው ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል።

"ሙሉ" የሚለው ቃል

ቦታውን "አስጨርሳለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ አጭበርባሪ ነው፤ የዶክትሬት ቦታ በኮሚሽን አይሸጥም። ነገር ግን እውነተኛ የቅበላ ደብዳቤም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ድጋፉ ለስንት ዓመት ነው? በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነስ በምን መስፈርት? የጤና መድን፣ የጉዞና የቪዛ ወጪን ይጨምራል? አበሉስ በከተማው የቤት ኪራይ ዋጋ ያኖራል? የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ የሚሸፍን ድጋፍ ተማሪውን በሁለተኛው ዓመት በሰው አገር ያለ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሊያስቀረው ይችላል። መልሱ በደብዳቤው ላይ ካልሰፈረ፣ ፊርማ ከመኖሩ በፊት ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መቀበል ያስፈልጋል።