ከቃጭሉ ባሻገር፦ የባለቃጭል እባብ ሥነ ሕይወትና ጠባይ

በእንግሊዝኛ ራትልስኔክ የሚባለው ባለቃጭል እባብ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚገኝ የእፉኝት ዘር ሲሆን፣ ክሮታለስና ሲስትሩረስ በተባሉ ሁለት ወገኖች የተመደቡት ከ30 በላይ ዝርያዎቹ ከደቡብ ካናዳ እስከ አርጀንቲና ተሰራጭተው ይኖራሉ። ስለ እንስሳው የሚነገረው አብዛኛው ነገር በጅራቱ ድምፅ ላይ ያተኮረ በመሆኑ ጠብ ፈላጊ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰድዷል፤ ይሁን እንጂ የአካሉ አሠራርና አኗኗሩ በቅርብ ሲመረመር፣ መርዙንና ጉልበቱን አጥብቆ የሚቆጥብና አብዛኛውን ዕድሜውን ተደብቆ የሚያሳልፍ ፍጡር ሆኖ ይገኛል።

ቃጭሉ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተበጁ፣ ላላ ብለው እርስ በርስ የተቆላለፉ ክፍት ቀለበቶች ሰንሰለት ነው። በውስጡ የሚንኮሻኮሽ ጠጠር የለም፤ ድምፁ የሚወጣው ቀለበቶቹ ሲጋጩ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ አዲስ የተወለደ እባብ ጅራቱን ቢያራግብም ድምፅ አይሰማለትም፤ ቀለበት የሚጨመርለት ቆዳውን በለወጠ ቁጥር ነው። ቆዳ መለወጥ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሆንና የሰንሰለቱ ጫፍም እየተሰበረ ስለሚወድቅ፣ ቀለበት ቆጥሮ የእባቡን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል የሚለው የቆየ አባባል መሠረት የለውም። ጅራቱን የሚያንቀጠቅጡት ጡንቻዎች በሞቃት ቀን በሰከንድ እስከ 90 ጊዜ ያህል ይኮማተራሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ነገር ወደ እባቡ እየቀረበ ሲሄድ የመንቀጥቀጡ ፍጥነት ቀስ በቀስ በሰከንድ እስከ 40 ገደማ ያድግና በድንገት ከ60 በላይ ይዘላል፤ በኮምፒውተር በተፈጠረ ምናባዊ ሜዳ ላይ ድምፁን የሰሙ ሰዎችም በዚያች ቅጽበት እባቡ ከእውነተኛ ቦታው ይልቅ ቀርቦ እንደመጣባቸው ገምተዋል። ማስጠንቀቂያው የማታለያ ጠባይም አለው ማለት ነው፤ ሆኖም እባቡ ወደዚህ የሚገባው መደበቁና መሸሹ ካላዋጣው ነው።

ከቃጭሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በዓይኑና በአፍንጫው መካከል፣ በግራና በቀኝ የሚታየው ጎድጓዳ የስሜት ሕዋስ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው የአፍሪካ ምድር የሚኖሩት እፉኝቶች ይህ ሕዋስ የላቸውም። በጉድጓዱ ውስጥ የተወጠረው እጅግ ስስ ሽፋን ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ሺኛ ያህል የሚሆነውን የሙቀት ለውጥ ለይቶ መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካል፤ በዚያም ከዓይን ከሚመጣው ምስል ጋር ስለሚዋሐድ፣ እባቡ የአይጥን ገላ ሙቀት በጨለማም ቢሆን ያያል ቢባል ከማጋነን አይቆጠርም። በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሙቀቱን የሚቀበለው ቲአርፒኤ1 የተባለ ፕሮቲን መሆኑን ለይተዋል። ይኸው ፕሮቲን በሰው ዘንድ ያለው ሥራ ሌላ ነው፤ ሰናፍጭ አፍንጫን ሲሰነፍጥ የሚቀሰቀሰው እርሱ ነው።

የዚህ ሕዋስ ጥራት የሚታደነውን እንስሳ ጠባይ ሳይቀር ለውጧል። የካሊፎርኒያ የምድር ሽኮኮ፣ በጉድጓድ የምትኖር ባለ ጎፈሬ ጭራ እንስሳ፣ ከባለቃጭል እባብ ጋር ስትፋጠጥ ጭራዋን ከማወዛወዝ አልፋ ደም ወደዚያ በመላክ ታሞቀዋለች፤ ሙቀት የሚለይ ሕዋስ የሌለው ሌላ እባብ ሲገጥማት ግን ጭራዋን ታወዛውዛለች እንጂ አታሞቀውም። በ2007 የታተመ ጥናት አዘጋጆች ይህን ለመፈተን ሰው ሠራሽ ሽኮኮ አቅርበው ጭራዋን ሲያሞቁት፣ እባቦቹ ከማጥቃት ይልቅ ራሳቸውን ወደ መከላከል አዘንብለዋል። አዋቂዋ ሽኮኮ መርዙን በከፊል የሚቋቋም ደም ስላላት የእባቡ ዋና ሲሳይ ግልገሎቿ ናቸው።

አደኑ ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው። በምሥራቃዊ የአሜሪካ ደኖች የሚኖረው ክሮታለስ ሆሪደስ የተባለው ዝርያ ተጠቅልሎ ይቀመጥና አገጩን አይጦች በሚመላለሱበት የወደቀ ግንድ ላይ አሳርፎ ለሰዓታት ያደባል። ሲነድፍ፣ አፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ የሚታጠፉት ረጃጅም ጥርሶቹ ተዘርግተው መርዙን ያስገባሉ፤ ወዲያውም ያደነውን ይለቀዋል፣ ምክንያቱም በሞት ጣር ላይ ያለ አይጥ ነክሶ ዓይኑን ሊያጠፋበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ምላሱን እያወጣና እያስገባ ፋናውን ይከተላል፤ የነደፈውን እንስሳ ካልነደፈው ለይቶ የሚያውቅበትን ሽታ የሚሰጡትም ከመርዙ ፕሮቲኖች መካከል ዲስኢንተግሪን የተባሉት መሆናቸው በ2013 ተገልጿል። መርዙ እንግዲህ ገዳይ ብቻ ሳይሆን ምልክት አድራጊም ነው። ለማመንጨት ጊዜና ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑም፣ ሊዋጥ በማይችል ትልቅ ፍጡር ላይ ማባከኑ ለእባቡ ኪሳራ ነው።

ባለቃጭል እባቦች እንቁላል አይጥሉም፤ ሕያው ልጆች ይወልዳሉ። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ እናቲቱ ልጆቿ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪለውጡ ድረስ፣ ማለትም ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ፣ አጠገባቸው ትቆያለች። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለችው የክሮታለስ ሆሪደስ እንስት ለመውለድ የምትደርሰው በሰባት ዓመቷ ወይም ከዚያ ዘግይታ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትወልዳለች። በብርድ ወራት ብዙ እባቦች በአንድ የድንጋይ ዋሻ ተሰብስበው ይከርማሉ፤ በየዓመቱም ወደዚያው ይመለሳሉ። እርጉዞቹ በበኩላቸው በማኅፀናቸው ያለው ፅንስ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ በጋውን በዋሻው አካባቢ ባሉ ገላጣ ድንጋዮች ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያሳልፋሉ። በዚያ አገር አንዳንድ ግዛቶች እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለተገደለ እባብ ሁሉ ገንዘብ ይከፈል በነበረበት ዘመን፣ ለአዳኙ ከሁሉ ቀድመው የሚታዩት እነዚሁ በድንጋይ ላይ የተሰጡ እርጉዞች ነበሩ።