የላቀ የእንግሊዝኛ የቃላት ዕውቀት፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዴት ያዳብሩት?

በሀዋሳ ፒያሳ የሚያልፍ ተማሪ በባንኮች፣ በመድኃኒት ቤቶችና በሆቴሎች ሰሌዳ ላይ እንግሊዝኛ ያነባል። የሰፈሩ ስም እንኳ አደባባይ የሚል ትርጉም ያለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የሚለመደው እንግሊዝኛና በመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው እንግሊዝኛ እጅግ ይለያያሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ መማርን ደነገገ። ስለዚህ የቋንቋው እጥረት በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ «ኤክሴፕት» የምትለውን አንዲት ቃል ያላስተዋለ ተማሪ የሚያውቀውን የፊዚክስ ጥያቄ እንኳ ሊስት እንደሚችል ግልጽ ነው።

ከየትኞቹ ቃላት ይጀመር?

ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 በትምህርታዊ ጽሑፎች የሚዘወተሩ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አቅርባለች። እነዚህ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አሲዩም»፣ «ኮንሴፕት»፣ «ሲግኒፊካንት» ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሳምንት 25 የቃል ቤተሰብ የሚያጠና ተማሪ ዝርዝሩን በ23 ሳምንት ያዳርሳል።

ሥሩን መያዝ

በአማርኛ ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍና መጽሐፍ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም «ስትራክቸር»፣ «ኮንስትራክሽን» እና «ሪኮንስትራክት» ዘመዳማቾች ናቸው። «ፎቶ» ብርሃንን፣ «ሲንተሲስ» ማቀናጀትን የሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት መሆናቸውን ያወቀ ተማሪ ፎቶሲንተሲስን መሸምደድ አያስፈልገውም።

አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም

«ፓወር» በሒሳብ የቁጥርን ርቢ፣ በፊዚክስ ሥራ የሚከናወንበትን ፍጥነት፣ በታሪክ ደግሞ ሥልጣንን ያመለክታል። ስለዚህ ቃሉ ከተገኘበት ዓረፍተ ነገርና ከትምህርት ዓይነቱ ጋር ይመዝገብ። ትርጉሙን በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚያስብበት ሌላ ቋንቋ መጻፍ ነውር የለውም፤ እንዲያውም መረዳትን ያፋጥናል።

እንዳይረሳ

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ያልተከለሰ ትምህርት ከአእምሮ የሚጠፋው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ለዚህም ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ ይጠቅማል። ቃሉን በወረቀት ቁራጭ ፊት፣ ትርጉሙንና ምሳሌውን በጀርባው መጻፍ፤ ቁራጮቹን በሦስት ሣጥኖች ማስቀመጥ። በትክክል የተመለሰው ወደ ቀጣዩ ሣጥን ይሸጋገራል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሣጥን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከለሳል። ከወረቀትና ከእስክሪብቶ በቀር ወጪ የለውም።

ሆኖም ቁራጮቹ ብቻቸውን አይበቁም። ያነበቡትን አንቀጽ በአዲሶቹ ቃላት በራስ አነጋገር መልሶ መጻፍ፣ ከጓደኛ ጋርም መጠያየቅ ቃሉን ከማወቅ ወደ መጠቀም ያሸጋግራል። መምህራንም የታሪክ ሆነ የባዮሎጂ ትምህርት ሲጀምሩ የምዕራፉን አምስት ቁልፍ ቃላት አስቀድመው ቢያብራሩ፣ ሸክሙ በእንግሊዝኛ መምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም።