ከቤት ወደ ቤት የመድን ሽያጭ፤ ደንበኛ የማፈላለግ ስልትና የወኪሉ ኃላፊነት

የመድን ሽያጭ ወኪል በር እያንኳኳ ደንበኛ የሚያፈላልግበት አሠራር ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩ የዘርፉ የገበያ ስልቶች አንዱ ነው። በዚህ ሥራ ገዢው በዕለቱ በእጁ የሚረከበው ዕቃ የለም። የሚሸጠው ወደፊት የሚፈጸም የክፍያ ቃል በመሆኑ፣ የወኪሉ ውጤታማነት በአብዛኛው የሚለካው ወደ አንድ ቤት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ ለመግባት በመቻሉ ነው።

አሠራሩ በስፋት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ፕሩደንሻል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1854 ለፋብሪካ ሠራተኞች አነስተኛ የሕይወት መድን መሸጥ ጀመረ። ሠራተኛው ደመወዙን በየሳምንቱ የሚቀበል፣ ወደ ኩባንያ ቢሮ የመሄድ ልማድም ሆነ ጊዜ የሌለው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ደግሞ የቀብር ወጪ ነበር። በመሆኑም ኩባንያው ወኪሎቹን በየሳምንቱ ወደ ቤቱ እየላከ በሳንቲም ደረጃ የሚቆጠር አረቦን ያሰባስብ ጀመር። እያንዳንዱ ወኪል የተወሰኑ መንገዶችና አንድ የሒሳብ መዝገብ ነበረው። ገንዘብ ሊሰበስብ በሚዞርበት ጊዜ የትኛው ቤት ልጅ እንደተወለደ፣ የትኛዋ ልጅ እንደተዳረችና ማን አዲስ እንደገባ ይሰማል፤ ቀጣይ ደንበኛውንም የሚያገኘው ከዚሁ ወሬ ነበር። የመሰብሰቢያው ዙር ራሱ የማፈላለጊያ ስልት ሆነ ማለት ይቻላል።

ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1875 በአሜሪካዋ ኒዋርክ ከተማ በተቋቋመ ሌላ ፕሩደንሻል የተሰኘ ኩባንያ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ላይፍ ልምድ ያላቸው ወኪሎችን ከእንግሊዝ አስመጥቶ ሥራውን ተያያዘው። ሜትሮፖሊታን እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ለታመሙ ደንበኞቹ ነርሶችን ወደ ቤታቸው ይልክ ነበር። የነርሶቹ ጉብኝት ኩባንያው በየመንደሩ በበጎ እንዲታወቅ ማድረጉን መገመት አያዳግትም።

ይሁንና አሠራሩ ብርቱ ትችት ገጥሞታል። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት የቦስተኑ ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጡት ጽሑፍ ከድሃው ሠራተኛ አረቦን ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ ለአሰባሰብና ለኮሚሽን እንደሚውል፣ አያሌ ውሎችም ክፍያ በመቋረጡ ጥቅም ሳይሰጡ እንደሚቀሩ አስረዱ። በእርሳቸው ግፊት የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1907 የቁጠባ ባንኮች ያለ ወኪል በመስኮት የሕይወት መድን እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ሆኖም ሰው በራሱ ተነሳሽነት ወደ መስኮቱ እምብዛም ባለመሄዱ በወኪል የሚሸጠው ውል በብዛት ብልጫውን እንደያዘ ቀጠለ። የሙያው አስቸጋሪ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ወኪሉ ባይኖር ብዙ ቤተሰብ ዋስትና አይገባም፤ ወኪሉ ሲኖር ደግሞ ቤተሰቡ ሊዘልቀው የማይችለውን ውል ሊፈርም ይችላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ድርጅት በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ ሥራው በመንግሥት እጅ ሆኖ ቆይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ለአገር ውስጥ የግል ባለሀብቶች ተከፍቷል። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የመድን ወኪል ሆኖ ለመሥራት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ወኪል መድን ሰጪውን ኩባንያ ወክሎ የሚሠራ ሲሆን፣ የመድን ደላላ ግን የሚያገለግለው መድን ገቢውን ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በቅድሚያ መናገር ይኖርበታል።

በአገራችን ወኪሉ በየቤቱ የሚያገኘው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዕድር አለን እኮ» የሚል ነው። ዕድርን የሚያጣጥል ወኪል ወዲያውኑ ይሸኛል፤ ቢሸኝም አይፈረድበትም። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ከአርባው በኋላ የሚመጣውን የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ለዓመታት መሸፈን ግን ዓላማው አይደለም። ልዩነቱን በዚህ መልክ የሚያስረዳ ወኪል የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ አስፈቅዶ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ አጭር ማብራሪያ ቢሰጥ፣ አንድ በአንድ ሲያንኳኳ ከሚያገኘው የተሻለ አቀባበል ያገኛል።

ሌላው መግቢያ የተሽከርካሪ መድን ነው። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ በመሆኑ መኪና ያለው ሁሉ በየዓመቱ ያድሳል። የዕድሳቱን ቀን መዝግቦ የሚያስታውስ ወኪል ስለ ቤት ቃጠሎና ስለ ሕይወት መድን የሚነጋገርበት ምክንያት አያጣም። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ከጥበቃውና ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር አስቀድሞ መግባባት፣ ባልና ሚስት አብረው የሚገኙበትን ሰዓት መምረጥ ይበጃል። ለአንዱ ብቻ የተነገረ ሐሳብ ማታ ሲወራ መልኩ ይለወጣል። ቡና ከቀረበም አቦሉን ጨልጦ ለመውጣት መቸኮል አይገባም። ስለ ሞት ሲነሳ «እርስዎ ቢሞቱ» ከማለት ይልቅ «አያድርገውና» ብሎ መጀመር በሥልጠና መጽሐፍ ባይጻፍም ልምድ ያላቸው ሁሉ የሚጠብቁት ሥርዓት ነው።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የማመልከቻ ቅጹ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅጹን የሚሞላው ወኪሉ ሲሆን፣ ደንበኛው የሚያደርገው መፈረም ብቻ ነው። ደንበኛው የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም እንዳለበት እየተናገረ «ይህን ባንጽፈው ይሻላል» የሚል ወኪል በዕለቱ ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላል። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተገለጸ ፍሬ ነገር ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። መዘዙ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ፈራሚው በሌለበት፣ ባለቤቱ ካሳ ልትጠይቅ በምትሄድበት ቀን ነው። ስለዚህ ቅጹ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ለደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ሊነበብለት፣ ቅጂም ሊሰጠው ይገባል።

የአረቦኑም መጠን እንዲሁ ነው። የሕይወት መድን ውል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢቋረጥ ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ በአብዛኛው አይኖርም ወይም እጅግ አነስተኛ ነው። ወኪሉ የቤቱን ወርኃዊ ገቢ ጠይቆ፣ በበዓልና በትምህርት ቤት ምዝገባ ወር ጭምር ሊከፈል የሚችለውን መጠን ማስላት አለበት። ለተከፈለ ገንዘብ ሁሉ የኩባንያው ደረሰኝ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የማያቀርብ ሰው ፈቃዱን እንዲያሳይ ወይም በኩባንያው ቅርንጫፍ እንዲረጋገጥ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

በእንግሊዝ ፕሩደንሻል ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወር የነበረውን የሽያጭ ኃይሉን እንደሚዘጋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የመሳሰሉ የሞባይል ክፍያ አማራጮች በመስፋፋታቸው፣ ገንዘብ ለመሰብሰብ ወደ ደንበኛ ቤት መመላለስ የግድ የሚሆንበት ምክንያት እየቀነሰ ነው። ወኪሉ ተመልሶ ወደዚያው ቤት የሚሄድበት ሌላ ምክንያት ማዘጋጀት ይኖርበታል፦ ልጅ ሲወለድ የተጠቃሚዎችን ስም ለማስተካከል፣ ቤት ሲታደስ የንብረቱን ግምት ለመከለስ፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ የካሳ ማመልከቻውን አብሮ ለመሙላት።