23ቱ የአዲስ አበባ ወንበሮች

አዲስ አበባ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግማ ተሸንሽናለች። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ፤ ከፍተኛም ተከተለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 10 ክፍለ ከተሞች ተተኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ ታከለ። ከተማዋ በፓርላማ ያላት ወንበር ግን ከ1987ቱ ምርጫ እስከ 2013ቱ ድረስ ያው 23 ነው።

ሕዝቡ እንደራሴውን መምረጥ የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ የሚመርጡት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ድምፁን ለሕዝብ ሲሰጥ ለከተሞች የተለየ ስሌት አበጀ፦ ነዋሪው ከ30,000 ለሚበልጥ ከተማ 1 እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለየ50,000ው ሰው 1 ተጨማሪ። ከተማ ሲያድግ ወንበሩም እንዲያድግ ታስቦ ነበር። ይሁንና ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ዕጩውም በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ሊኖረው ግድ ነበር። ቤሳ ቤስቲን የሌለው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ያም ሆኖ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በመጀመሪያው ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

ደርግ ፓርላማውን ዘግቶ ቆየና በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ አስመረጠ፤ የዕጩነቱ ቁልፍ ግን በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) እጅ ነበር።

ከ1987 ወዲህ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል፤ የተሸናፊዎቹ ድምፅ ወንበር አያስገኝም። በ1997 ተቃዋሚዎች 23ቱንም ጠቀለሉ። በ2002 አንድ ብቻ ቀራቸው፤ አቶ ግርማ ሰይፉ ከ547ቱ እንደራሴዎች መካከል ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሆኑ። በ2007 ያቺም ወንበር ሄደች።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 2.1 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ለአንድ ወንበር 92,000 ገደማ ይደርሳል። በ1999ኙ ቆጠራ ነዋሪው ከ2.7 ሚሊዮን ሲያልፍ የአንዱ ወንበር ድርሻ ወደ 119,000 ወጣ። በ1948ቱ ስሌት ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ከ50 በላይ እንደራሴ ይገባት ነበር።

ወንበር መጨመሩ ግን ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤትን አባላት ጣሪያ 550 ላይ አቁሞታል፤ 547ቱ ደግሞ ተደልድለዋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የብሔር ብሔረሰቦች መድረክ በመሆኑ ከተማዋ በከተማነቷ እዚያ ወኪል የላትም። ስለዚህ ጣሪያው ካልተነሳ ለመዲናዋ ቢበዛ 3 ወንበር ቢጨመር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከሌላ ክልል ተቀንሶ የሚመጣ ነው።