ከቅልሞሽ እስከ ኦ-ክፍል፦ የመማሪያ ማዕዘናት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ቅልሞሽ አምስት ጠጠር ይበቃዋል። አንዷ ወደ ላይ ትወረወራለች፤ እሷ አየር ላይ ሳለች እጅ መሬት ያሉትን አፍሶ ወራጇን መልሶ መቅለብ አለበት። በመጀመሪያው ዙር አራቱ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። በሁለተኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በሦስተኛው ሦስቱ በአንድ ጊዜ አንዷ ለብቻዋ፣ በመጨረሻው አራቱም በአንድ አፍታ ይታፈሳሉ። በደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ ዳርቻ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ይህን የምትጫወት ልጅ፣ አራት ቁጥር በምን በምን እንደሚከፈል በጣቶቿ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ገብታ ከስልሳ ልጆች ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች በዜማ ስትቀበል ግን ያ እውቀቷ ከበር ውጭ ይቀራል።

የቅድመ መደበኛ ትምህርት ባለሙያዎች የመማሪያ ማዕዘን የሚሉት አደረጃጀት ይህን እውቀት ወደ ክፍል ለማስገባት የታሰበ ነው። ዴስኮች ወደ ሰሌዳ ዞረው በሚሰለፉበት ክፍል ፋንታ ቦታው በአራት ወይም በአምስት ትንንሽ ስፍራዎች ይከፈላል፦ አንዱ ጥግ ለእቃ እቃ፣ አንዱ ለግንባታ፣ አንዱ ለፊደልና ለመጽሐፍ፣ አንዱ ለቁጥርና ለልኬት፣ አንዱ ለሥዕልና ለጭቃ ሥራ። ሕፃኑ የሚገባበትን ይመርጣል፤ ከአራት አምስት እኩዮቹ ጋር ይሠራል። መምህርቷ እየተዘዋወረች ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ያጠረውን ቃል ታቀብላለች።

ሐሳቡ ሩቅ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል በ1837 እ.ኤ.አ. በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት መዋያ ሲከፍት ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር በልጆች እጅ አስገባ። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ ወንበሩንም መደርደሪያውንም በሕፃን ቁመት አሠራች። በማስረጃነት አብዝቶ የሚጠቀሰው ግን ከ1962 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ የተካሄደው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ጥናት ነው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሽ ያህሉ በማዕዘናት በተደራጀ ክፍል ተማሩ። ከዚህ ፕሮግራም በዳበረው ሥርዓተ ትምህርት ልጁ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይናገራል፣ ይሠራዋል፣ በኋላም ምን እንደሠራ ይተርካል። የተማሩት ልጆች በመጀመሪያ ያሳዩት የአእምሮ ፈተና ብልጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። እስከ 40 ዓመታቸው ሲከታተሏቸው ግን ከእኩዮቻቸው ይልቅ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸውና በፖሊስ እጅ እምብዛም ያልገቡ ሆነው ተገኙ። በአንድ የአሜሪካ ከተማ የኖሩ 123 ልጆች ለወሎ ሕፃናት ፍርድ አይሰጡም፤ ዘላቂው ጥቅም ቀድሞ ከተሸመደደው ፊደል ይልቅ ማቀድ፣ መታገስና የጀመሩትን መጨረስ ላይ እንደነበር ግን ያመለክታሉ።

ለደቡብ ወሎ አንባቢ ከይፕሲላንቲ የሚቀርበው የየኔታ ደጅ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን ይዟል፣ ያደገው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየደረጃው ነው፤ ቀድሞ ያወቀው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ በየተራ እየጠሩ ያዳምጣሉ። በቁርአን ቤትም እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሉህ ይዞ በራሱ ምዕራፍ ይጓዛል። ጨዋታና ምርጫ እዚያ የለም፤ አለንጋም አይጠፋም። ቢሆንም ልጅን በራሱ ፍጥነት በማስኬድና ልጅን በልጅ በማስተማር ረገድ፣ ስልሳ ሕፃናትን በአንድ ድምፅ ከሚያስጮኸው ዘመናዊ ክፍል ይልቅ ለማዕዘናቱ መንፈስ የሚቀርበው ይህ ነባር ሥርዓት ነው።

ዘመናዊው ቅድመ መደበኛ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ ለባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የከተማና የከፋይ ወላጅ ነገር ሆኖ ኖረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስሙን ጠቅሶ በጀቱን ለሌሎች ተወው። መንግሥት በቀጥታ የገባው በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ሲመጣ ነው። በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕፃናት ለአንደኛ ክፍል የሚዘጋጁበት ኦ-ክፍል ተከፈተ፤ ታላላቆች ታናናሾችን የሚያዘጋጁበት ከልጅ ለልጅ ፕሮግራምም ተጀመረ። ያኔ ከመቶ ሕፃናት አሥሩ እንኳ ቅድመ መደበኛ አይገቡም ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ጥቅል ተሳትፎው ወደ ግማሽ ተጠጋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አደረገው።

ቁጥሩ ሲሮጥ ክፍሉ ወደ ኋላ ቀረ። በገጠር ኦ-ክፍል የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለሌላ ክፍል ያልተፈለገው ጎጆ ነው። መምህርቷ አጭር ሥልጠና ብቻ የወሰደች ወይም ከአንደኛ ደረጃ የተዛወረች ትሆናለች፤ ዴስኩም ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ስለሆነ የሕፃናቱ እግር መሬት አይነካም።

ክፍሉ ባይመችም ለማዕዘናት የሚሆነው ቁሳቁስ በአካባቢው ሞልቷል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከደሴ በለጋምቦዋ አቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ከእሷ አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ጎጃም ይወርዳል። በአካባቢው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የተፈጥሮ ማዕዘን ለሚጨምር ክፍል ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም፤ ልጆቹ ግድግዳ ላይ ካዩት ቀጭኔ ይልቅ ስለ ጭላዳ የሚያወሩት ብዙ አላቸው። የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ የባቄላና የገብስ ዘር፣ የበግ ጠጉር፣ የወንዝ ድንጋይ ለመለየት፣ ለመመደብ፣ ለማወዳደር ይሆናሉ። ሻካራውን ከለስላሳው፣ ከባዱን ከቀላሉ ለይቶ ምክንያቱን የሚናገር የአምስት ዓመት ልጅ ሳይንስ ጀምሯል። ከአናጺ ቤት የሚወድቀው የእንጨት ቁርጥራጭም ጠርዙ ተሞርዶ ከተሰጠው ቤት፣ ድልድይና በረት ይሠራበታል፤ ሲናድበት ለምን እንደተናደ ይመረምራል።

ከሁሉ የሚበልጠው የእቃ እቃው ጥግ ነው። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌሎቹ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ቡና ይፈላል። ከጭቃ የተሠራ ጀበና፣ የጠርሙስ ቆርኪ ለስኒ፣ ሣር ለጉዝጓዝ ከተገኘ የጎደለ ነገር የለም። አፍዪዋ እንግዶቿን ቆጥራ ለእያንዳንዱ አንድ ስኒ ማዘጋጀት አለባት፤ አንድ ሰው ለአንድ ስኒ፣ ይህ የቁጥር ሁሉ መሠረት ነው። አቦል ሳይጠጣ ቶና አይመጣም፣ ከቶና በፊት በረካ የለም፤ ቅደም ተከተል ማለት ይኸው ነው። እንግዳው ቢቸኩልም ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ሽማግሌ ሆኖ የተመደበው ልጅ ቡናው ሲቀርብ ይመርቃል፤ ሲመርቅ ደግሞ በየዕለቱ የማይጠቀምባቸውን ቃላትና ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ያወጣል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ ሌላ ጊዜ ለማክበር የሚቸገርበትን ሕግ በፈቃዱ ያከብራል። «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ሲባል ሁለት ደቂቃ የማይቆይ ልጅ እንግዳ ሲሆን እስከ በረካ ይጠብቃል።

መምህርቷ እዚህ ጥግ ስትደርስ ሥራዋ ጥቂትና ከባድ ነው። «ሁለት እንግዳ ቢጨመር ስኒው ይበቃል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ጨዋታውን ነጥቃ ማስተማር ከጀመረች ግን ልጆቹ ቡናውን ትተው ፊቷን ማየት ይጀምራሉ።

የፊደሉ ማዕዘን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዜማ የሸመደዳቸው ልጅ መሐል ላይ አንዷን ነጥለው ሲያሳዩት ከ«ሀ» ተነስቶ ካልቆጠረ አይደርስባትም። የጥንት መምህራን ይህን ያውቁ ነበር፤ ከሀሁ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን የሚያዘባርቀውን አቡጊዳ ያስቆጥሩ የነበረውም ልጁ በዓይኑ መለየቱን ለማረጋገጥ ነው። የዛሬው ማዕዘን ይህን በእጅ ያደርገዋል። በካርቶን ቁራጭ የተጻፉ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ ተደባልቀው ሲቀርቡ ልጁ ጥንድ ጥንዱን ፈልጎ ያጋጥማል፤ አናት ላይ የምትጨመረውን ምልክት ማንም ሳይነግረው ያስተውላል። በሰንደዶ ወይም በጭቃ የፊደል ቅርጽ መሥራቱም እርሳስ ለሚይዘው ጣት ዝግጅት ነው።

መጽሐፍ ግን ከጭቃ አይሠራም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍትና በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም የተዋጋው ይህንኑ የመጻሕፍት እጥረት ነበር። አህያ በቦረናና በለጋምቦም ሞልቷል።

ማዕዘናቱን የሚቃወሙ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም። የመጀመሪያው የወላጅ ነው፦ «ልጄን ሊጫወት ነው እንዴ የላክሁት?» በየከተማው ያሉ የግል መዋዕለ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ደብተር ተሸክሞ እንዲመለስ በማድረጋቸው ጥሩ ትምህርት ማለት ይህ መስሏል። ለዚህ ወላጅ ንድፈ ሐሳብ መተረክ አይጠቅምም። አንድ ጠዋት ጠርቶ ልጁ ቆርኪ ሲቆጥር ማሳየትና «ምን ሠራህ?» ሲባል የሚመልሰውን ማስደመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ድምፅ የመምህርቷ ነው፦ ስልሳ ልጅ በአንድ ጎጆ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ማንም የወረቀት መመሪያ አይፈታውም። የሚቻለው ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከረዳት ጋር ውጭ ማዋል ነው። በደጋው ብርድ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት የግድግዳ ጥግ ከጨለማው ጎጆ የተሻለ ክፍል ነው፤ ሰኞ ማክሰኞም ገበጣም የሚጫወቱት እዚያ ነው። ረዳት ከሌለ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በከልጅ ለልጅ ሥርዓት ይገባሉ።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ አጣዳፊ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። ትምህርት ቤት ሲከፈት በአንድ ክፍል የአምስትም የዘጠኝም ዓመት ጀማሪ ይገናኛሉ። ለእነዚህ አንድ ወጥ ትምህርት ማቅረብ አይቻልም፤ በየጥጉ የተለያየ ሥራ ያለበት ክፍል ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል። ያዩትን በቃል መናገር የማይችሉ ልጆችም በጭቃና በሥዕል ያወጡታል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ደሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ከዚሁ ዞን ነው። ሁለቱ ተቋማት ከቦረና ወረዳ ጋር ሆነው ጥቂት ኦ-ክፍሎችን መርጠው ለአንድ ዓመት ቢከታተሉ፣ በደጋው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከሚሺጋን ሳይሆን ከራሱ ከደጋው ማስረጃ ይገኛል። እስከዚያው የወረዳ ሱፐርቫይዘሮች አንድ ነገር ወዲያው ማድረግ ይችላሉ። በግምገማ ቅጹ ላይ «የመማሪያ ማዕዘን አለ፣ የለም» የሚለው ጥያቄ ለእንግዳ የተሰቀለ፣ ሕፃን የማይነካው ጌጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ያንን ሰርዘው «ዛሬ ጠዋት ስንት ልጆች ለስንት ደቂቃ ሠሩበት?» ብለው ይጠይቁ።