በእንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤቶች የ«ቤት» ሥርዓት አመጣጥና የተማሪ አለቅነት

ትምህርት ቤትን የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ተማሪው ምን ተማረ ብሎ ነው፤ ከማን ጋር አደረ፣ ለማን ታዘዘ፣ ማንንስ አዘዘ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ አገር አለቆች በምን ልማድ እንዳደጉ ለማወቅ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው አያንስም። በዚህ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር «ቤት» እየተባለ የሚጠራው የተማሪዎች አከፋፈል ከየት እንደ መጣ፣ ለተማሪ የተሰጠውም ሥልጣን ምን እንዳፈራ በአጭሩ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። የዊንቸስተር ጳጳስ የነበረው ዊልያም ኦቭ ዊክሃም በ1382 ዓ.ም. ለ70 ተማሪዎች የሚሆን ትምህርት ቤት ባቋቋመ ጊዜ፣ በየመኝታ ክፍሉ በዕድሜ፣ በአስተዋይነትና በዕውቀት የበለጡ ቢያንስ ሦስት ተማሪዎች የባልንጀሮቻቸውን ጥናት እንዲጠብቁና ጠባያቸውን ለበላዮች እንዲያስታውቁ በደንቡ ወሰነ። ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1440 ዓ.ም. ባቋቋመው በኢተን ደግሞ በድርጅቱ ወጪ ከሚማሩት 70 ተማሪዎች ሌላ ከፍለው የሚማሩ ልጆች እየበዙ ሄዱ። እነዚህም በከተማው ውስጥ በባልቴቶች ቤት በኪራይ ያድሩ ስለ ነበረ «የከተማ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም ወጣላቸው። እንግዲህ «ቤት» የተወለደው ከማደሪያ ችግር እንጂ ከትምህርት ፍልስፍና አይደለም።

ነገር ግን መምህር በሌለበት ማደሪያ የሚገዛው ጉልበት ነው። ታላላቆቹ ታናናሾቹን እንደ ሎሌ ይልኩ፣ ጫማ ያስጠርጉ፣ ምግብ ያሠሩ ነበር። በመምህራኑና በተማሪዎቹ መካከልም መተማመን ስላልነበረ ዓመፅ ተደጋግሞ ተነሣ፤ በ1797 ዓ.ም. በራግቢ፣ በ1818 ዓ.ም. በዊንቸስተር የተነሣውን ዓመፅ ለማብረድ ወታደር እስከ መጥራት ተደረሰ።

ከ1828 ዓ.ም. ጀምሮ በ1842 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የራግቢ ዋና መምህር የነበረው ቶማስ አርኖልድ ይህን ልማድ ሊሽረው አልሞከረም፤ ሊገራው አሰበ እንጂ። የባልቴቶቹን ማደሪያ አስቀርቶ ቤቶቹን በመምህራን ኀላፊነት ሥር አደረገ። የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎችም የሥልጣኑ ተካፋዮች አድርጎ ሾማቸው፤ አዘውትሮ እያነጋገረ፣ በራሱም ቤት እየጋበዘ የታናናሾቹ ጠባይ በእነርሱ እጅ መሆኑን አስገነዘባቸው። ስለዚህ አለቅነት በጉልበት የሚነጠቅ መሆኑ ቀርቶ በአደራ የሚቀበሉት ሆነ።

ኤድዋርድ ትሪንግ በ1853 ዓ.ም. በአፒንግሃም ሲሾም ያገኘው 25 ተማሪዎችን ብቻ ነበር። ቍጥሩ ቢጨምርም በአንድ ቤት ከ30 የሚበልጡ ልጆች እንዳይኖሩ፣ ለእያንዳንዱም ልጅ ትንሽ የጥናት ክፍል እንዲሰጠው አደረገ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የቤቱ መምህር የማያውቀው ልጅ የመምህሩ ሳይሆን የጉልበተኛው ተገዢ ይሆናል። አርኖልድ ሥልጣኑን ሲሰጥ፣ ትሪንግ ሥልጣኑ የሚሠራበትን ቦታ መጠን ሰጠው ማለት ነው።

ሆኖም አደራ ሁልጊዜ አይጠበቅም። በዚያው በ1853 ዓ.ም. በሃሮ አንድ የተማሪ አለቃ ሌላውን ተማሪ ከልክ በላይ በመግረፉ በጋዜጣ ሳይቀር ብርቱ ክርክር ተነሣ። የአርኖልድ ደቀ መዝሙር የነበረው የሃሮ ዋና መምህር ቻርልስ ቮን ሥርዓቱን በጽሑፍ ተከራከረለት፤ ከ1861 እስከ 1864 ዓ.ም. ዘጠኝ ታላላቅ ትምህርት ቤቶችን የመረመረው የክላረንደን ጉባኤም እንዲቀር አልፈረደም። ስለዚህ የተማሪ አለቆች በትር ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን ታናናሾችን እንደ ሎሌ ማዘዝ እየቀረ ሄደ፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ በግል ትምህርት ቤቶች ግርፋትን ፈጽሞ ከለከለ። ተማሪዎቻቸው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ትምህርት ቤቶችም ስሙን ወሰዱ፤ በእነዚህ ዘንድ «ቤት» ግድግዳ የሌለው፣ በስፖርትና በትምህርት የሚወዳደር ማኅበር ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ቅኔ ቤትንና ዜማ ቤትን ማሰቡ አይቀርም። በእኛም ዘንድ ተማሪው በየኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፣ የለመነውን ቍራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ያድራል። ታላቁ ታናሹን ውኃ ማስቀዳቱ፣ እንጨትም ማስለቀሙ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የእኛው ከጭነት ነጻ ነበር ልንል አንችልም። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው። በቅኔ ቤት አስነጋሪው የሚከበረው መምህሩን ተክቶ ለታናሹ ትምህርቱን ስለሚያስረዳ ነው፤ ዕውቀቱ ካነሰ ታናሹ ራሱ ያውቅበታል። የእንግሊዙ የተማሪ አለቃ ግን በተለይ የተሾመው ለማስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ሥልጣኑን የሚመዝነው ከታች ያለው ሳይሆን ከላይ ያለው መምህር ነበር። መምህሩ ሲተጋ ሥርዓቱ ለማ፤ መምህሩ ሲያንቀላፋ በትሩ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ለተማሪዎቹ ማኅበርና አለቅነት ሊያስተምር የሚሻ ሁሉ የቤቶቹን ስምና ሰንደቅ ከማዘጋጀቱ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ የምሾመው ልጅ ለታናሹ የሚሰጠው ምንድን ነው? የሚሰጠው ነገር ከሌለው፣ የሚቀረው መውሰድ ብቻ ነው።